የሁለተኛ ተመልካች ቦታ

ጠዋት ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ፤ ቴሌስኮፑን በሻርፕ ጠቅልዬ ወደ ፍሳሽ ማጣሪያው ሄድኩ። ሐሙስ ነበር። እኔና ባለቤቴ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሐሙስ ሐሙስ የኩሬዎቹን ወፎች ስንቆጥር ኖረናል። እሱ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን እቆጥራለሁ።

ዘበኛው በሩን እየከፈተ፣ «እትዬ፣ ሽታው ዛሬም አላስመረረዎትም?» አለኝ።

«ለምጄዋለሁ።»

«እኔ በደሞዝ ያልለመድኩትን እርስዎ በነጻ!»

ሦስተኛው ኩሬ ዳር፣ ጭቃው ላይ፣ አንዲት ወፍ ብቻዋን ትለቅማለች። እግሯ ቢጫ ነው። የደረቷ ዝንጉርጉር ሆዷ ጋ ሲደርስ በመቀስ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ብሎ ያበቃል፤ ከዚያ በታች ነጭ ነው። ቴሌስኮፑን አስተካክዬ እንደገና አየኋት። የዚህች ወፍ አገር ከውቅያኖስ ማዶ ነው፤ ነፋስ መንገድ ካላሳታት እዚህ አትደርስም።

ከአራት ዓመት በፊት ባለቤቴ እዚሁ አይቷት ነበር። ያን ዕለት እኔ ጉንፋን ይዞኝ ቀርቻለሁ። የወፍ መዝጋቢዎቹ ኮሚቴ ሁለት ተመልካቾች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ጽፈው እንዲፈርሙ ይጠይቃል። የእሱ ቅጽ «ተመልካች አንድ፤ አልተረጋገጠም» ተብሎ ተመለሰ። አልተከራከረም። በስብሰባ ላይ «የጋሼ ሕልም» እያሉ ሲቀልዱበት አብሯቸው ሳቀ። ያን ሳቁን አውቀዋለሁ።

ወፏ በዚሁ ቦታ ዳግመኛ ከተረጋገጠች የፊተኛው ቅጽ እንደገና ይታያል። ሁለተኛ ዓይን ያስፈልገኝ ነበር። ዘበኛውን ጠራሁት።

«በዚህ እይና ያየኸውን ጻፍ። እኔን ምንም አትጠይቀኝ።»

«ፈተና ነው እንዴ?» አጎንብሶ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። «ውይ! ባለሽርጧ! ጋሼ ያኔ አሳይተውኝ የለ?»

«አንተም አይተሃት ነበር?»

«ታዲያስ! ልፈርም አልኳቸው እኮ። ‹ተወው፣ የሁለተኛው ፊርማ ቦታ የባለቤቴ ነው፤ ነገ ይዣት እመጣለሁ› አሉኝ።»

እውነትም ያኔ ባለቤቴ በማግስቱ እንሂድ ብሎኝ ነበር። ጉንፋኑ ለቆኛል፤ ብርዱን ግን ፈራሁና «ወፏ የትም አትሄድ» አልኩት። በሦስተኛው ቀን አብረን ስንመጣ ጭቃው ላይ ምንም አልነበረም።

«የት ጋ ልጻፍ?» አለ ዘበኛው።

የሁለተኛ ተመልካቹን ቦታ አሳየሁት። ዘወትር እዚያ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ጀርባ ለጀርባ ቆመን ጻፍን። ስንጨርስ የእሱን አነበብኩ። «ነጭ ሽርጥ የታጠቀች፣ እግረ ቢጫ» ይላል። ሳልጠይቀው ደግሞ ከሥሩ «ከአራት ዓመት በፊትም ከጋሼ ጋር አይቻታለሁ» ብሎ ጨምሯል።

ወፏ ከምሳ በፊት ተነሥታ ሄደች። ቅጹን አሽጌ ላክሁት። በአንደኛ ተመልካች ቦታ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። የባለቤቴ ስም የለበትም፤ የእሱ ስም ያለው አሁን እንደገና በሚታየው በፊተኛው ቅጽ ላይ ነው።