ሴት የማትወጣበት ደሴት

እናቴ አገርነሽ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ወንዝ ሳትሻገር ኖራለች። ዳባት ገበያ መሄድ ተወች። ከወንዝ ማዶ ዘመድ ሲሞት እኔን ትልክና እሷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። የደባርቅ ሰው ምክንያቱን ስለሚያውቅ «ለምን ቀረሽ?» ብሎ የሚቀየማት አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በ1948 ዓ.ም. በነሐሴ ነው። እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ አይቸውና ታናሽ እህቴ ማንጠግቦሽ ከዳባት ገበያ ይመለሱ ነበር። እኔ ቤት ጠባቂ ሆኜ ቀርቻለሁ። አይቸው አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ማንጠግቦሽ ገና ዘጠኟ። እናቴ አህያዋን እየነዳች ቀድማ ተሻገረች። አይቸው የማንጠግቦሽን እጅ ይዞ ተከተለ። መሐል ሲደርሱ ላይ አገር የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ መጣባቸው። አይቸው ድንጋይ አንቆ ወጣ። ማንጠግቦሽ አልወጣችም። ሦስት ቀን ወንዙን ተከትለን ፈለግን፤ ያገኘነው ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ነጠላዋን ብቻ ነው።

ፍለጋው ያበቃ ዕለት እናቴ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት ቀና አለችና አይቸውን አየችው። «ምነው በሷ ፋንታ አንተን በወሰደህ!» አለችው።

አይቸው እስከ አርባዋ ድረስ እንጨቱን ሲፈልጥ፣ ለተዝካሩ እህል ሲያስፈጭ ሰነበተ። በአርባዋ ማግስት ስንነሣ የሚተኛበት መደብ ባዶ ነበር። ልብሱንም ዱላውንም ጥሎ ነው የሄደው። እናቴ ያን ቃሏን ደግማ አንሥታው አታውቅም፤ እኔም አላነሣሁባትም። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ቀረን።

አድጌ በቅሎ ነጂ ሆንሁ። ዋልያ ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆችን ጓዝ ጭኜ ከደባርቅ በቡይት ራስ አድርጌ እስከ ጨነቅ አደርሳለሁ። በ1963 አንድ የገበያ ቀን ጨው ነጋዴው አሊ ወደ ጎን ሳብ አደረገኝ።

«ታገኘ፣ ለእናትህ ቀስ ብለህ ንገር» አለኝ። «ጎርጎራ ገበያ ላይ አንድ መነኩሴ ጨው ገዛኝ። ግንባሩ ላይ በቅሎ የረገጠችው ጠባሳ አለ። ‹አይቸው አይደለህም ወይ?› ብለው ‹አይቸው ሞቷል› አለኝ። ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ጣና ላይ ካለ አንድ ደሴት ነው የሚኖር።»

ስነግራት እናቴ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷን አላቆመችም።

«ውሃ መሐል?» አለች።

«አዎ፣ ደሴት ላይ።»

«ሴት ትገባለች?»

«ከወደቡ አታልፍም አሉ።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም።

በ1965 ጥር ላይ ጎንደር የምትሠራ ካሪን የምትባል የስዊድን ነርስ አንድ ባልና ሚስት ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ካሪን አማርኛ ትችላለች። ሰባት ቀን ጓዛቸውን ጭኜ ስሜንን አሳየኋቸው። ከጨነቅ ስንመለስ «ከዚህ ጎርጎራ እንሄዳለን። ፈጣን ሞተር ጀልባ ተከራይተን ደሴቶቹን እናያለን፣ እንዋኛለን» አለችኝ። እኔም ሳላስበው «ለእናቴ ቦታ ይኖራል?» አልኋት። ምክንያቱን ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኋት። ብዙ ተራመደችና «ለሁለታችሁም ቦታ አለ» አለች።

እናቴ እንቢ ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ያን ዕለት ገላዋን ታጠበች፣ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፣ በሶ በትንሽ ከረጢት ቋጠረች። «የስሜን ገብስ ከቀመሰ ስንት ዘመኑ ነው» አለች።

በካሪን ላንድሮቨር ስንጓዝ ድልድይ በደረስን ቁጥር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች። ያ የዳባቱ ወንዝ ጋ ስንደርስ እጄን ያዘች። በጥር ወንዙ ደርቆ ከድንጋይ ድንጋይ የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ ነበረው። ልታየው ግን አልፈለገችም።

ጎርጎራ አድረን በማለዳ ወደ ጀልባው ወረድን። ባለ ጀልባው ሸሀቡ ይባላል፤ ቀጭን፣ ትሁት ሰው ነው። ስድስት ሆነን ተሳፈርን። ሸሀቡ ለሁላችንም ብርቱካን መልክ ያለው ወፍራም ሰደርያ አደለን። እናቴ የእሷን ዳሰሰችው።

«ይህ ምንድን ነው ልጄ?»

«ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ነው፣ እማማ። ቢወድቁ እንኳ አይሰጥሙም።»

«ልጅም ያንሳፍፋል?»

«የልጅም አለው።»

ሰደርያውን ደረቷ ላይ አስሮላት ሲጨርስ «ያኔ የት ነበር ይሄ?» አለች። ሸሀቡ አልገባውም፤ እኔን አየኝ። እኔ ወደ ሐይቁ ዞርሁ።

ሞተሩ ሲነሣ ጀልባው አፍንጫውን ቀና አድርጎ ውሃውን ሰንጥቆ በረረ። ፈረንጆቹ እየሳቁ ጮኹ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። የረጨው ውሃ እጇን በነካ ቁጥር ትሸማቀቃለች። መጀመሪያ የደረስንበት ደሴት ሴት የሚገባበት ነበር። ካሪንና ጓደኞቿ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕሎች እስኪያዩ እናቴ በሩን ተሳልማ ተመለሰች። «እሱ ያለበት ቀጥሎ ነው?» አለችኝ። ቀጥሎ የፈረንጆቹ ዋና ነበር፤ ይህን መንገር ጭንቅ ሆነብኝ።

ሸሀቡ ውሃው ወደ የብስ ገባ ወዳለበት ጸጥተኛ ቦታ ወሰደን። «እዚህ ጉማሬ አይመጣም» አለ። ባልና ሚስቱ ከድንጋይ ላይ ዘለው ገቡ። ካሪንም ተከተለች። እናቴ ዳር ላይ በሶዋን ታቅፋ ተቀመጠች። ካሪን ጠልቃ ቆየት ስትል እናቴ ዘላ ተነሣች።

«ታገኘ! ልጅቱ! ልጅቱ የለችም!»

ካሪን ራቅ ብላ ብቅ አለች፣ ፀጉሯን ከፊቷ እየጠረገች። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ካሪን ወዲያው ወጣች። ልብሷን እንኳ ሳትለብስ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጥታ አጠገቧ ተንበረከከች። «ይቅርታ እማማ። በቃ፣ አሁን እንሂድ» አለቻት። እናቴ የካሪንን እርጥብ ፀጉር በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችላት።

ደሴቱ ጋ የደረስነው ፀሐይ ከአናት ካለፈ በኋላ ነው። ከወደቡ ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ሴት ከዚያ አታልፍም። በር ጠባቂው አባት ማንን እንደምሻ ጠየቁኝ። አይቸው የሚባል አያውቁም። ጠባሳውን ስነግራቸው «አባ ወልደ ትንሣኤ ናቸው» አሉና ወደ ላይ መሩኝ።

የቡና ችግኝ ሥር ሲኮተኩት አገኘሁት። ጢሙ ሸብቷል። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሃምሳ የሞላው ይመስላል። ቀና ብሎ አየኝ።

«ታገኘ ነህ?»

«ነኝ።»

«እማ ሞተች?»

«አልሞተችም። ከታች ናት፣ ጀልባው ዘንድ።»

ዶማው ከእጁ ወደቀ። «በውሃ ላይ መጣች?» አለ፤ ደጋግሞ «በውሃ ላይ?» አለ። ከዚያ አበምኔቱ ዘንድ ገብቶ ወጣ። «ውረድ ብለውኛል» አለኝ፤ ሲወርድ ግን እግሩ የመሸሽ ያህል ወደ ኋላ ይል ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ተለያይተን እኔን አላቀፈኝም። ያን ጊዜ አልተሰማኝም፤ ኋላ ነው የተሰማኝ።

ከድንጋዩ በላይ ቆመ። እናቴ ከታች ነበረች፤ በመካከላቸው አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች።

«አባ፣ ይባርኩኝ» አለችው።

«እግዚአብሔር ይባርክሽ» አለ። «እማ…»

«አይቸው፣ አንድ ቃል ልመልስ ነው የመጣሁ። ያን ዕለት ያልሁህን።»

«ልክ ነበርሽ፣ እማ። አታውቂውም እንጂ ልክ ነበርሽ።» መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። «ውሃው አይደለም ያስለቀቀኝ። እኔ ነኝ እጇን የለቀቅሁት። እሷን ይዤ መውጣት አልቻልሁም፤ ነፍሴ ሳሳችብኝና ለቀቅኋት። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ላንቺ ነው ያልነገርሁት።»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ።

ቀና አለ።

«ከማዶ ቆሜ አይቻለሁ። ጣትህ ሲፈታ አይቻለሁ። ያን ቃል የተናገርሁህ አይቼ ነው። ባትለቃት ሁለታችሁንም እቀብር ነበር። ይህ እስኪገባኝ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፤ ሲገባኝ አንተ የለህም። አንዷን ውሃ ወሰደብኝ፤ አንተን ግን እኔው ነኝ በአፌ የሰደድሁህ።»

አንድ ቤት አብሬያት ስኖር ይህን አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም። ካሪን ፊቷን ወደ ጀልባው መለሰች።

«ና እንሂድ» አለችው እናቴ። «መደብህ እንዳለ ነው።»

«እኔ ሞቻለሁ እማ። ስመነኩስ የሙታን ጸሎቱ፣ ግንዘት፣ ተነቦልኛል።»

«ለኔ አልተነበበም» አለች።

ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ነጭ ነጭ ማለት ጀመረ። ሸሀቡ እየተጨነቀ መጣ። «እማማ፣ ማዕበሉ ሳይበረታ እንነሣ። ከዚህ በላይ ከቆየን መሻገር አንችልም።»

አይቸው ያን ጊዜ ወረደ። አሥሩን እርምጃ ወርዶ ጉልበቷ ላይ ግንባሩን ደፋ። ጠባሳውን ደባበሰችው። እጁን በሁለት እጇ ያዘች፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አሸች። ሸሀቡ ደግሞ ተጣራ። ካሪን ክንዷን ደገፈቻት። እሷ ግን አልለቀቀችም።

«እማ» አለ አይቸው በዝግታ፣ «ልቀቂኝ።»

ብዙ ቆይታ ለቀቀችው። በሶውን እግሩ ሥር አስቀመጠችና ሳትዞር ወደ ጀልባው ሄደች። እሱ ያንን ከረጢት አንሥቶ ታቅፎ ቆመ፤ ደሴቱ ከዓይናችን እስኪጠፋ ድረስ ጥቁሩ ልብሱ ይታየን ነበር።

ስንመለስ ማዕበሉ ጀልባዋን እያነሣ ይፈጠፍጣት ነበር። ፈረንጆቹም አልሳቁም። እናቴ ለሸሀቡ «ነፋሱ ይብረድልህ ልጄ» ብላ መረቀችው።

ደባርቅ ከገባን በኋላ መደቡን በአዲስ ጭቃ አስለሰነችው። ቁርበት አነጠፈችበት። ትንሣኤ ሲደርስ «ለበዓሉ ይፈቅዱለት ይሆናል» አለች። አልመጣም። ክረምቱ ሲገባ ሳል ያዛት። ካሪን ከጎንደር መድኃኒት ይዛ ሁለት ጊዜ መጣች። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ቀን እናቴ አረፈች። መጨረሻ ላይ ይኖራል ብዬ የጠበቅሁት ቃል አልነበረም፤ «በሩን ገርበብ አድርገው፣ ጢሱ ይውጣ» ብላኝ ነው የሄደችው።

ጥቅምት ላይ ልነግረው ጎርጎራ ወረድሁ። ሸሀቡ አይቶኝ ገባው፤ ነፍስ ይማር ብሎ ብዙ አዘነ። ከዚያ «ወንድምህ እኮ እዚህ የለም» አለኝ። «እናንተ በሄዳችሁ በወሩ ደሴቱን ለቅቆ ዋልድባ ወርዷል።»

ዋልድባ የሚወርድ መነኩሴ መንገዱ በደባርቅ ነው፤ የኛ ቤት ደግሞ መንገድ ዳር ናት። ከጎርጎራ እስከ ቤቴ ስመለስ ይህን ብቻ ነበር የማስብ። በደጃችን አልፏል። እናቴ ያኔ በሕይወት ነበረች፤ መደቡን የምታስለስንበት ሰሞን ይሆናል። ሳይገባ ያለፈው ቂም ይዞ አይመስለኝም። ከገባ የማይወጣ መስሎት ይሆናል። እንዲህ እላለሁ እንጂ አንዳንድ ቀን እናደዳለሁ፤ ወንድሜ ነውና።

ከዚያ ወዲህ ወደ ዋልድባ የሚያልፍ መነኩሴ ሳገኝ ቤት አስገብቼ እግሩን አጥባለሁ፣ መደቡ ላይ አሳርፈዋለሁ፣ አባ ወልደ ትንሣኤ የሚባሉ ባለ ጠባሳ ካገኘ እናታቸው ማረፏን እንዲነግርልኝ እለምናለሁ። ባለፈው ጥር አንድ ሽማግሌ መነኩሴ እህሌን ቀምሰው ሲያበቁ ይህንኑ ነገርኋቸው።

«ልጄ፣ በረሃው ሰፊ ነው» አሉኝ። «ላገኛቸውም ላላገኛቸውም እችላለሁ። የእናትህን የክርስትና ስም ግን ንገረኝ።»

«ወለተ ሰማዕት» አልኋቸው።

«ሌላስ የምትነግረኝ አለህ?»

እህቴ ውሃ ከወሰዳት አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ መቃብር የላት፣ ስሟን የሚጠራላት ካህን የላት። የእሷንም ነገርኋቸው። ሽማግሌው ሁለቱን ስሞች እንዳይረሱ ለራሳቸው እየደጋገሙ በትራቸውን ይዘው ተነሡ። እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ሸኘኋቸው። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ድምፃቸው ጥቂት ተሰማኝ፣ ከዚያ ነፋሱ ወሰደው።