ጠብቆም ላልቶም

እሱ የሞቱ ወፎችን ገለባ ሞልቶ ያቆማል፤ ታናሽ እህቱ ደግሞ ሕያው ዕፀዋትን ትንከባከባለች። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ትንሽ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ የሚጣሉትም በአንዲት ጥግ ነው።

ጥጓ ከደረጃው ሥር ናት። ፀሐይ አይደርስባትም፤ በላይዋ የሚያልፈውን የውኃ ቧንቧ ሁልጊዜ ያልበዋል። ጥላና እርጥበት ለሚወደው ፈርን ለሚባለው ቅጠላማ ተክል ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። ቦታውን የያዘችው ግን የወንድሟ ሰጎን ናት፤ ፈርኗ መስኮት ላይ ተጥዳ ቅጠሏ ከጫፉ እያረረ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ልትሞትብኝ ነው። ቦታ እንለዋወጥ።»

«ጽሑፉን አንብቢያ» አለ ከጥጓ በላይ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን በአገጩ እያሳየ። «የሚበሩ» ይላል። «ያንቺ ቅጠል ይበራል?»

«ያንተ ሰጎን ትበራለች?»

«ወፍ ናት፣ ላባ አላት። ያንቺዋ ዘር እንኳ የላትም።»

እህትየው የፈርኗን ማሰሮ አመጣችና አንዱን ቅጠል አፍንጫው ሥር ገልብጣ በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ቡናማ ዱቄት ቦነነ። ወንድምየው ደጋግሞ አስነጠሰ።

«ይማርህ። በዘር ፋንታ ያላት ይሄ ነው፤ ነፋስ ካገኘ ባሕር ይሻገራል። ያንተዋ በሩን የገባችው በሰው ሸክም ነው።»

ከኋላቸው ቆሞ የሚሰማው የሙዚየሙ ኃላፊ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። «እውነቷን ነው። ነገ ለዋውጧቸው» አለ።

በማግስቱ እህትየው ማሰሮዋን አቅፋ ስትመጣ ጥጓ በብርሃን ተጥለቅልቃለች። ሰጎኗ በምንቃሯ አምፖል ነክሳለች።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«ትናንት አጥብቀሽ አነበብሽው» አለ ወንድሟ። «ዛሬ እስቲ አላልተሽ አንብቢው። የሚበሩ። ይኸው በርታለች።»

ኃላፊው ግድግዳውን አንዴ አጥብቆ፣ አንዴ አላልቶ አነበበ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ካላችሁኝ ግን እኔም እንጃ» አለ።

እህትየው ልትከራከር አፏን ከፈተች። ቀና ስትል ግን ቧንቧውን አየች። ማሰሮዋን መሬት አስቀምጣ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«ምነው አኮረፍሽ?» አለ ወንድሟ።

«ኧረ እኔ ምን በወጣኝ።»

ቧንቧው አንዲት ጠብታ አንጠለጠለ፤ ቆይቶ ለቀቃት። የጋለው አምፖል ጧ አለና ጥጓ ጨለመች።

«ወንድም ጋሼ» አለች እህትየው ቀስ ብላ፣ «አሁንስ ጠብቆም ላልቶም አትበራም።»

እሱ ሶኬቱን ነቀለ። ከዚያ ሰጎኗን ወገቧን አቅፎ እያጉረመረመ ወደ መስኮቱ ወሰዳት። ፀሐይዋ ላባዋ ላይ ስታርፍ ማጉረምረሙን ተወ።

«ነይማ እዪ፣ አንቺ ተንኮለኛ» ብሎ ተጣራ። «እዚህ ያለ አምፖልም ትበራለች።»