ቱንቢ እንከን ያላገኘበት ግድግዳ

ልጆቼ፣ ይህን የማወራችሁ የዚያን ቤት በርና መስኮት የሠራሁት እኔ አናጢው ስለሆንኩ ነው።

ጥፋት ያጠፉ ወጣቶች ማረሚያ ቤት ከሚቀመጡ ለችግረኛ ቤት እየሠሩ ግንበኝነት ይማሩ ተባለና፣ አራት ልጆች ወደ ግንበኛው ወዳጄ መጡ። ቤቱ ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴት ነው። የግንበኛው ደንብ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ግድግዳ ይሠራል፣ ሴትየዋ ታያለች። የወደደችለት ከግንበኛው ጋር ሥራ ይቀጥላል። ያልወደደችለት በገዛ እጁ አፍርሶ ወደ ማረሚያው ይመለሳል።

ከሁሉም እጁ የተባረከው ሽቦ የሚሉት ቀጫጫ ነበር።

"ሽቦ፣ አንተ ነህ ብሎኬቱን የምታነሳው፣ ወይስ እሱ ነው አንተን?" ይሉታል ጓደኞቹ።

"የጎበጠ ግድግዳህን አቃና! ሚስቱ ያኮረፈችው ባል መስሏል" ይላል እሱ።

ሴትየዋ ውሃ ስታቀብል ከሱ ትጀምራለች። "በርታ" ትለዋለች።

"እሺ እትዬ፣ እንደ እናቴ ቤት ነው የምሠራልዎት" ሲላት አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

የማሳያው ቀን ሦስቱን ግድግዳ "ይሁን፣ ይሁን" እያለች አለፈች። የሽቦ ጋ ስትደርስ ግን ቱንቢ፣ ጫፉ ላይ የእርሳስ ክብደት ያለውን የግንበኛ ክር፣ ጠየቀች። ክሩን ከላይ ይዛ ለቀቀችው። እርሳሱ ተወዛውዞ ቆመ፤ በክሩና በግድግዳው መሃል ከላይ እስከ ታች አንዲት ፀጉር የምታህል ልዩነት የለም።

"ቀጥ ያለ ነው" አለች። ሽቦ ጥርስ በጥርስ ሆነ።

"አፍርሰው።"

ግንበኛው የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ ዞር ብላ "ና ልጄ" ብላ ተጣራች። እስከዚያ ቀን ያላየነው ልጇ ከጓሮ መጣ፤ አንድ ዓይኑ የለም። ሽቦ ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። በጠብ መሃል ዓይኑን ያጠፋውን ድንጋይ የወረወረው ሽቦ ነው፤ የታሰረውም በዚያ ነበር። ሲመድቡም ማን የማንን ቤት እንደሚሠራ ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

"ፍርድ ቤት ከኋላህ ተቀምጬ ነበር" አለችው። "እዚህ የመጣህ ዕለት ነው ያወቅሁህ።"

እግሯ ላይ ወደቀ። "እትዬ፣ ይማሩኝ!"

"ተይው እማዬ" አለ ልጇ።

"አንተ ዝም በል! ግድግዳው እስኪያልቅ የጠበቅሁት ሥራው ጥሞት እንዲያጣው ብዬ ነው።"

"እናቴ፣ የኔን ልፋት እንኳ ይዩልኝ" አላት ግንበኛው።

"ደንቡ የማን ነው?"

ግንበኛው መዶሻውን ለሽቦ አቀበለው።

ሽቦ እንባውን በክንዱ እየጠረገ አፈረሰ። ሳይሰበር የወጣለትን ብሎኬት ግን፣ እንደተማረው፣ ሲሚንቶውን እያራገፈ ለሚቀጥለው ሠሪ ጥግ ላይ ደረደረ። ሲመሽ የማረሚያው መኪና ወሰደው።

ሦስቱ ልጆች ግድግዳውን መልሰው ሠሩት፤ ግን መሃሉ እንደ ሆድ ተነፋ። ለዚያ ግድግዳ የሠራሁትን በር ሁለት ጊዜ በመላጊያ ብልገውም አልገጥም አለ።

"ግድግዳው እኮ ነው የጎበጠው" አልኳት ሴትየዋን።

"አውቃለሁ" አለችና በሩን ገፋ አድርጋ እንዳይከፈት ድንጋይ አስደገፈችው።