ቀጭ ያላለው ክዳን

እትዬ ቡሽ የወይን ጠርሙሱን ክዳን ጠመዘዘችው፤ ቀጭ አላለም። ከዚያው ካርቶን ሌላ አነሳች። እሱም ያለ ድምፅ ተከፈተ።

ይህን ስም ሰፈሩ ያወጣላት ለሹፈት ነው። ወይን መሸጥ ስትጀምር ቡሽ የሌለው ጠርሙስ ወይን አይደለም እያለች ከደንበኛ ሁሉ ትሟገት ነበር፤ በኋላ ራሷ የጥምዝ ክዳን ጠበቃ ሆና አረፈችው። "ርካሽ ሁሉ መናኛ አይደለም" ትላለች ለመጣ ለሄደው። "ብቻ ስትከፍቱ ጆሯችሁን ስጡት። ቀጭ ካለ ከእናንተ በፊት ማንም አልነካውም።"

ወደ ብርጭቆ ቀዳች። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ፒኖ ኗር የሚባለው ቀይ ወይን ነው፤ የወይኑ ፍሬ ቆዳው ስስ በመሆኑ ቀለሙ ይሳሳል፣ በብርጭቆው ጀርባ የያዙት ጣት ይታያል። ጣቷን ከኋላ አስጠጋች። አልታየም።

ካርቶኖቹን ትናንት ያመጣው ታናሽ ወንድሟ ባንኮኒውን ተደግፎ ስልኩን ይነካካል።

"ና እስቲ ቅመስልኝ" አለችው።

"ባዶ ሆዴን ነኝ፣ እታለም።"

"አንድ ጉንጭ ነው።"

"መኪና ይዣለሁ እኮ።"

የቀረበለትን ብርጭቆ መልሶ የማያውቅ ሰው ነው። አሁን ግን ዓይኑን እንኳ ወደ ብርጭቆው አላዞረም።

"ምንድን ነው ያለበት?"

"እኔ ምን አውቄ! የሆኑ ሰዎች ባዶ ጠርሙስ አምጣ አሉኝ፣ ሰበሰብኩላቸው፣ እነሱ ሞሉት። እኔም አልቀምሰውም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከተሰማ እታሰራለሁ።"

ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ለልጇ ምርቃት አንድ ካርቶን ወስዳለች። እትዬ ቡሽ ይህ ትዝ ሲላት ስልኳን አንስታ ደወለችላት።

"ከፈታችሁት?"

"ሁለቱን!" አለች ልብስ ሰፊዋ። ከኋላዋ ሳቅና የብርጭቆ ኳኳታ ይሰማል። "እንዳልሽው ጆሯችንን ሰጥተን ነበር፤ ቀጭ አላለም። ግን ባንቺ ወይን ማን ይጠረጥራል ብለን ቀዳነው።"

ወንድሟ ክንዷን ያዛት። "ካርቶን ተቀያይሮ ነው በያት" አለ በሹክሹክታ። "በእናታችን!"

እንዲያ ብትላት ሴትየዋ "ምን ችግር አለው" ብላ ስቃ እንደምትቀዳ ታውቃለች። እጁን ከክንዷ ላይ አነሳችው።

"አትጠጡ" አለች በስልኩ። "የጠጣ ካለ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው፤ መርዝ ሳይሆን አይቀርም። ያመጣው ወንድሜ ነው፤ እዚሁ አጠገቤ ቆሟል።"