የምጠይቀው እሷን ነው

ጌዲዮን የሚባለውን አዋላጅ ሳላየው ነው የጠላሁት። ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ፤ ወደ ጤና ጣቢያው የማመላልሳቸው ሴቶች ከኋላዬ ተቀምጠው ሌላ ወሬ የላቸውም። «አይቆጣም» ትላለች አንዷ፤ «እጁ ቀላል ነው» ትላለች ሌላዋ። የሰው ሚስት የሌላ ወንድ እጅ ቀላል ነው ትላለች? አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «አዋላጅ ወንድ ይሆናል እንዴ?» አልኳቸው። «ቢሆንስ አንተን ምን ቸገረህ?» ብለው ሳቁብኝ።

ሚስቴ ሰልማ ስታረግዝ ነገሩን ቀድሜ አሰብኩበት። ሴቷን አዋላጅ ሪሀናን ለመንኳት፤ እሺ አለችኝ። ምጡ ግን እሁድ ቀን መጣ። ሪሀና እናቷን ልትጠይቅ ሰንበቴ ሄዳለች፤ ተረኛው ጌዲዮን ነው። ቀጠን ያለ፣ ጥርሱ የሚያምር መልከ መልካም ጎረምሳ። ምናለ አስቀያሚ ቢሆን!

ሰልማ አልጋ ፊት ተገተርኩ። «አትነካትም። ሪሀናን በባጃጄ ይዣት እመጣለሁ።»

«ዛሬ እኮ የሰንበቴ ገበያ ነው፤ መንገዱ ከብትና ግመል ብቻ ነው» አለኝ። «ጽንሱ ደክሟል፤ የልብ ምቱ እየቀነሰ ነው። አሁኑኑ መመርመር አለባት።»

«ባሏ እኔ ነኝ፤ አልፈቀድኩም!»

እኛ ዘንድ ባል እምቢ ካለ ነገሩ አለቀ። እዚህም የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

«ወንድሜ፣ ሕጉ ፈቃድ የሚለው የታካሚዋን ነው። የምጠይቀው እሷን ነው» አለኝ። ቁጣ እንኳ የለውም፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ከዚያ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «ሰልማ፣ እንድመረምርሽ ትፈቅጃለሽ? ካልፈለግሽ አምቡላንስ ጠርቼ ሆስፒታል እልክሻለሁ።»

እኔን አላየችኝም። «እሺ፣ እርዳኝ» አለችው።

«አብሮሽ ማን ይሁን?»

እኔን ትላለች ብዬ ጠጋ አልኩ። «እትዬ ሀዲጃ» አለች። አብራን የመጣችውን የገዛ አክስቴን! ሀዲጃም ደስ ብሏት «በኢ! ውጣ አንተ፣ ምን ይገትርሃል?» እያለች ከመጋረጃው ውጭ ገፋችኝ።

ጆሮዬን ጨርቁ ላይ ለጠፍኩ። «አሁን ልነካሽ ነው፣ እሺ?» ይላል። «እሺ» ትላለች። «ካመመሽ አቁም በይኝ» ይላል። ጥቂት ቆይታ «አቁም!» ብላ ጮኸች። አቆመ። ወላሂ፣ መንካቱ ያን ያህል አላቃጠለኝም። ያቃጠለኝ ያ ድምፅ ነው። ሰልማ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ከእኔ ደብቃ ለባዳ አወጣችው።

ከዚያ የሀዲጃ ዱዓ እየፈጠነ፣ እየጮኸ መጣ። የብረት ዕቃ ተንኳኳ፤ ጌዲዮን «በርቺ፣ ሰልማ! አትተኚ!» አለ። ያኔ «ያ ረቢ፣ ይንካት! የፈለገውን ያህል ይንካት፣ ብቻ ትትረፍልኝ» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ጮክ ብዬ፤ አጠገቤ ያሉት ሴቶች ዞረው አዩኝ።

የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። «ሴት ናት! እናትየውም ደህና ናት፣ አልሀምዱሊላህ!» ብላ ሀዲጃ እልልታዋን አቀለጠችው። ቅናቴም ወዲያው ተመለሰ። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ ጌዲዮን በክንዱ አገደኝ።

«ቆይ፣ ልጠይቃት።»

«ሚስቴ እኮ ናት!»

«አውቃለሁ» አለና ፊቱን አዞረ። «ሰልማ፣ ባልሽ ይግባ?»

መጀመሪያ ልጅቷን ስታባብል ሰማኋት። ቅድም ለእሱ «እሺ» ለማለት እንዲህ አልቆየችም።

«ትንሽ ይቆይ» አለች። ያለችውም ለእሱ ነው፣ ለእኔ አይደለም።

መጋረጃው ስስ ጨርቅ ነው፤ ገፍቼ ብገባ ማን ይመልሰኛል? ግን እግሬ እምቢ አለኝ። እዚያው ቆሜ፣ ድምፄ እንደ ለማኝ ቀጥኖ፣ «ሰልማ» አልኩ፤ «ልጅቷ ማንን ትመስላለች?»

«እኔን» አለች።