የአቶ ወልደ ኪዳን አውራ ጣት

ይርገዱን ጉድ ያደረጋት ደግነቷ ነው። አቶ ወልደ ኪዳን ዓይናቸውም ግራ ጎናቸውም ከከዳቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗል፤ ያን ሁሉ ዘመን ቢቸና ላይ ያጎረሰቻቸው፣ ያጠበቻቸው፣ ያገላበጠቻቸው ሠራተኛቸው እሷ ናት። ቤታቸውን ለእሷ ሲናዘዙ የነፍስ አባታቸው ጻፉ፤ አራት ሽማግሌዎች መሰከሩ፤ የቀረው አሻራ ብቻ ሆነ። ጣታቸው ወረቀቱን እየሳተ መደቡን ሲዳስስ ታዲያ አላስቻላትም። እንደ ለመደችው እጃቸውን ያዝ አድርጋ ቀለሙን አስነክታ አተመችው።

ወረቀቱ ፍርድ ቤት እንዲቀመጥ በተወሰደ ቀን የወንድማቸው ልጅ አምባቸው፣ የሞጣው ጨው ነጋዴ፣ ሰምቶ ደረሰ።

«የተናዘዘችው እሷ ናት እንጂ አጎቴ አይደሉም!»

ዳኛው ወደ ይርገዱ ዞሩ። «ማን አሳተማቸው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ጣታቸው ሲስትባቸው ጊዜ።»

«እንግዲያው ይህ ወረቀት እሳቸው የሞቱ ዕለት ይቀደዳል። ወራሽ የያዘው እጅ የተናዛዥ እጅ አይባልም። አዲሱ የኑዛዜ ሕግ አንቺን ለመጉዳት አልወጣም፤ ማንም እንዳያማሽ ነው። አንድ ወር ካንቺ ይራቁና፣ አንቺም አምባቸውም በሌላችሁበት ይጠየቁ።»

«እኔ ዘንድ ይሁኑ» አለ አምባቸው ፈጠን ብሎ። በቃሬዛ መጥተው የነበሩት አቶ ወልደ ኪዳንም እሺ አሉ።

በሬ ካራጁ ይውላል፣ አለች ይርገዱ በሆዷ። ዘመድ የላትም፤ ከዚያ ቤት ከወጣች መግቢያ የላትም። ወሩን ሙሉ ባዶውን መደብ ስትጠርግ፣ ስታነጥፍ ከረመች። የሚያናድደው ደግሞ ዳኛውን መርገም አለመቻሏ ነው፤ እውነታቸውን ነዋ!

ወሩ ባለቀ ማግስት የጭነት መኪና ደጃፏ ቆመ። አምባቸው አጎቱን አዝሎ ወረደ። ከስቷል።

«እንዴት ቻልሽው?» አላት ቀና ብሎ ሳያያት። «እኔና ሚስቴ በአንድ ወር አለቅን። ዛሬ ጠዋት የሞጣው ዳኛ ከአራት ምስክር ጋር ሲጠይቋቸው እኔ ውጭ ነበርሁ። ምን እንዳሉ አላውቅም። ያሉትን ግን አልነካም።»

ይርገዱ ውሃ አሙቃ እንደ ወትሮዋ የአቶ ወልደ ኪዳንን እጅ ያዘች። አውራ ጣታቸው ቀለም እንደ ነካው ነው። ሳሙና ልትቀባው ስትል እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ተዪው ልጄ። ሦስቴ ስቼ በአራተኛው ነው ያገኘሁት። ማንም አልያዘኝ። ቤቱ ያንቺ ነው።»

ይርገዱ አራቱን ጣቶች አጥባ አውራ ጣታቸውን ተወችው።