የያየህ ግዝት

ጤናዬ አረቄን እንዲሁ አልጠላችውም። ባሏ ቢራራ በቅሎ ነጂ ነበር፤ ከአዲ አርቃይ ሲመለስ ጠጥቶ ሊማሊሞ ላይ ገደል ገባ። በቅሎዋ ብቻዋን ደባርቅ ደረሰች። እንግዲህ ልጇ ያየህ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ጎንደር ኮሌጅ ሲጠራ፣ ጎረቤቱ እልል ሲል፣ እሷ አብራ እልል አላለችም። ስንቱ የሰው ልጅ ነው ጎንደር በገባ በወሩ ከአረቄ ቤት የሚለቀመው!

ቁጭ አድርጋ ብትመክረው ምን ነበረበት? ጤናዬ ግን አንዴ ከያዘች አትለቅም። እየጎተተች የንስሐ አባቷ አባ ተክለ ማርያም ዘንድ ወሰደችው።

«ይገዝቱልኝ አባቴ፤ ጠብታ እንዳይቀምስ።»

አባ አመነቱ። «ግዝት ከባድ ነው፤ ገና ልጅ ነው። ቢሳሳትስ?»

«የኔ ልጅ? አፈር ስሆን! አይሳሳትም።»

አባም ምን ያድርጉ፣ ገዘቱት። ጠላም ሆነ አረቄ ካፉ ቢገባ እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን አሉ። ያየህ መስቀሉን ተሳለመ። ጤናዬ እፎይ አለች። ጎንደር ላለችው እህቷ ለበለጠችም «ዓይንሽን ከሱ አትንቀይ፤ ከሸተተ ንገሪኝ» ብላ ላከችባት። ይህንኑም ለልጁ ነገረችው። ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ ስለ መጠጥ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ከገና በኋላ ድረስ የሚባል ተማሪ መጣ። የሰፈር ልጅ ነው፤ ከያየህ ጋር አብሮ ኮሌጅ የገባ። መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው። ድረስ ግን ማንንም ሳያስከትል ገብቶ ከበሩ ላይ ቆመ። ገብስ ስትለቅም የነበረችው ጤናዬ ፊቱን አይታ ክው አለች።

«ነባሮቹ ተማሪዎች አረቄ ቤት ጋበዙን» አለ ልጁ እያለቀሰ። «ሰዓት እላፊው ያዘን። የእትዬ በለጠች ቤት ቅርብ ነበር፤ ከደጃፏ ደረስን። አንኳኳ አልኩት። እጁን ያነሳል፣ መልሶ ያወርዳል። ‹ግዝቴን አፍርሻለሁ፤ አክስቴ ከሸተትኳት ለእናቴ ትነግራለች፤ በምን ፊቴ?› ይለኛል። የቀበሌ ጥበቃዎቹ ሲመጡ እኔ ቦይ ውስጥ ተደበቅሁ። እሱ ሮጠ። ተኮሱበት።»

«ስንት ጊዜ ጠጥቶ ያውቃል?»

«የመጀመሪያው ነበር፣ እትዬ።»

ወይኔ ጤናዬ! ገብሱን በትና ደረቷን ትደቃ ጀመር። «እኔ ነኝ! ጥበቃ አይደለም፣ አረቄም አይደለም፤ በሩን የዘጋሁበት እኔ ነኝ!» በለጠች ተኩሱን አልጋዋ ላይ ሆና ሰምታዋለች፤ የማን ልጅ ይሆን ብላ አማትባ ተኝታለች።

ሬሳው በዳባት በኩል በጭነት መኪና መጣ። አባ ተክለ ማርያም ፍትሐቱን ሲያደርሱ ከግዝቱ ፈቱት። በቁሙ ቢሆን ኖሮ አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።

በሁለተኛው ዓመት ታናሽ እህቱ ስንቄ ጎንደር ተጠራች። ደባርቅ መናኸሪያ ላይ ጎረቤቷ ታየች «አባ ዘንድ አልወሰድሻትም?» ብትላት ጤናዬ የልጅቷን ሁለት እጆች ያዘች።

«ስሚኝ ስንቄ። አትጠጪ፤ እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሻለሁ። ከጠጣሽ ግን፣ አፍሽ እየሸተተም፣ እየተንገዳገድሽም የአክስትሽን በር አንኳኪ። እኔም ዘንድ ነይ። አልቆጣሽም... እቆጣለሁ፤ ግን ነይ።»

«ምነው እቴ!» አለች ታየች። «እናት ለልጇ ሰክረሽ ነይ ትላለች?»

ጤናዬ ዞር ብላም አላየቻት። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ።

«አንኳኳለሁ በይኝ።»

«አንኳኳለሁ፣ እማ።»

«ድገሚልኝ» አለቻት።